ሰሙ ሳይወጣ ወርቁ ሲገባ፦ በቤት ወርክሾፕ በፎም አምሳያ አሉሚኒየም ለማፍሰስ የሚደረግ ዝግጅት

(ለሕዝብ ክፍት በሆነ የፋኩልቲው መርሐ ግብር ላይ ከቀረበ ንግግር የተገለበጠ)



«ሰምና ወርቅ» ሲባል አብዛኞቻችን የምናስበው ቅኔን ነው። ቃሉ ግን መነሻው የአንጥረኛ ቤት ነው። አንጥረኛው የሚፈልገውን ጌጥ በሰም ይቀርጻል፤ በሸክላ ጭቃ ይለብጠዋል፤ ጭቃው በእሳት ሲሞቅ ሰሙ ቀልጦ ይወጣል፤ በለቀቀው ቦታ ወርቁ ይገባል። የሰሙ ተራ ካበቃ በኋላ ነው የወርቁ ተራ የሚጀምረው። ዛሬ የምናገርበት ዘዴ ከዚህ በአንድ ነገር ይለያል። በሰም ፈንታ የምንጠቀመው ነጩን ፎም፣ ቴሌቪዥንና ፍሪጅ ታሽጎ የሚመጣበትን ፖሊስታይሪን ነው፤ ይህንን ፎም ግን ቀድመን አናስወጣውም። አሸዋ ውስጥ እንደተቀበረ የቀለጠው አሉሚኒየም ይደርስበታል። አንዱ በሚገባበት ቅጽበት ሌላው መውጣት አለበት። ወዴት ይወጣል? በእኔ አስተያየት፣ ዝግጅት የምንለው ነገር ሁሉ ከሞላ ጎደል ለዚህ ጥያቄ መልስ መስጠት ነው።

ዘዴው አዲስ አይደለም። አሜሪካዊው ሃሮልድ ሽሮየር የፈጠራ መብት ያገኘበት እ.ኤ.አ. በ1958 ነው። እ.ኤ.አ. በ1990 ገበያ ላይ የዋለው የሳተርን መኪና የሞተር ብሎክም የተሠራው በዚሁ መንገድ ነበር። ወደ ቤት ወርክሾፕ የገባው ብዙ ዕቃ ስለማይጠይቅ ነው፤ ለሁለት የሚከፈል ሞልድ አያስፈልገውም፤ አሸዋውን የሚያያይዝ ማጣበቂያም አያስፈልገውም። ይህ ቅለት ግን ያታልላል። ምድጃውን ለመሥራት አንድ ወር ደክመው ለፎሙ አንድ ከሰዓት ብቻ የሚመድቡ ወጣቶች አያለሁ። እኔ ብሆን ሚዛኑን እገለብጠዋለሁ።

እስቲ በቁጥር እንየው። በአንድ ሜትር ኩብ 20 ኪሎ ግራም የሚመዝን ፎም ወስደን 10 ግራም የሚመዝን አምሳያ ብንቀርጽ፣ አምሳያው ግማሽ ሊትር ቦታ ይይዛል። ይህ ፎም በሙሉ ወደ ስታይሪን ጋዝ ቢለወጥ፣ በ700 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ከ7 ሊትር በላይ ይሆናል። በአሉሚኒየም ሙቀት ግን ሁሉም ጋዝ አይሆንም፤ ብዙው ወደ ዝልግልግ ፈሳሽ ይለወጥና በአምሳያው ልባጥ ይመጠጣል። ያም ሆነ ይህ፣ ጋዙም ፈሳሹም በጥቂት ሰከንዶች ውስጥ መንገድ ማግኘት አለባቸው። መንገድ ካጡ አሉሚኒየሙ ግማሽ መንገድ ላይ ይረጋል፤ ወይም ከሁለት በኩል የመጣው ፍሰት ሳይዋሐድ ቀርቶ እንደ ተጣጠፈ ጨርቅ ያለ መስመር ይተዋል። ከላይ ሲታይ ጭረት ይመስላል፤ ጭነት ሲያርፍበት የሚሰበረው ግን በዚያ መስመር ነው።

ስለዚህ የመጀመሪያው ምርጫ ቀላሉን ፎም መውሰድ ነው። ጥቅጥቅ ያለው ፎም ሲቆረጥ ያማረ ጠርዝ ይሰጣል፤ ነገር ግን የሚወጣውም ነገር በዚያው ልክ ይበዛል። ለመቁረጥ የጋለ ሽቦ ይበቃል። የኤሌክትሪክ ምጣድ ሬዚስታንስ ሽቦ ተዘርግቶ ዝቅተኛ ቮልቴጅ ካለው የኃይል ምንጭ ጋር ይያያዛል፤ ከግድግዳ ሶኬት ጋር በቀጥታ ፈጽሞ አይያያዝም። ክፍሎቹን ለማጣበቅ ማስቲሽ አይሆንም፤ ፎሙን ይበላዋል። በሙቀት የሚቀልጠው የፕላስቲክ ሙጫ ይሻላል፤ እርሱም ጋዝ ስለሚፈጥር በነጠብጣብ ብቻ ይደረጋል። ማፍሰሻውም ከፎም ይሠራል፤ ከአምሳያው ከፍተኛ ቦታ ቢያንስ አንድ ስንዝር ይብለጥ፤ ወፍራምም ይሁን። ፎሙን የሚገፋው የዚህ ዓምድ ክብደት ነውና።

አሉሚኒየም ሲቀዘቅዝ በርዝመቱ 1.3 በመቶ ያህል ይኮማተራል። 200 ሚሊ ሜትር ስፋት ያለው ፑሊ የሚፈልግ ሰው አምሳያውን ወደ 202.6 ሚሊ ሜትር ያድርገው፤ በቶርኖ የሚላጭ ከሆነ ደግሞ የመላጫውን ይጨምርበት።

አሁን ወደ ልባጡ ልምጣ፤ ብዙ ሰው የሚዘለው እርሱን ነው። ልባጥ ሁለት ሥራ አለው፦ ፎሙ ሲለቅ አሸዋው እንዳይደረመስ ይይዛል፤ ቀዳዳማ በመሆኑም ጋዙንና ፈሳሹን ወደ አሸዋው ያሳልፋል። በቤት ውስጥ በጂፕሰም የተሠራ የግድግዳ ስቱኮ በውኃ እንደ ቀጭን የእንጀራ ሊጥ ተበጥብጦ ይቀባል። የዘይት ቀለም መቀባት ሁለት ጊዜ መበደል ነው፤ ማቅጠኛው ፎሙን ያሟሟል፤ ሽፋኑም መውጫውን ይደፍናል። የተቀባው አምሳያ መድረቅ አለበት፤ «ደርቋል» ብሎ በእጅ መዳሰስ ግን አይበቃም። በወጥ ቤት ሚዛን ይመዘን፤ ከጥቂት ሰዓታት በኋላ እንደገና ይመዘን። ክብደቱ መቀነሱን እስኪያቆም ድረስ ደረቅ አይባልም። ፀሐይና ነፋስ ይበቁታል፤ ምድጃ ውስጥ ከገባ ፎሙ ይሟሽሻል።

አሸዋውም እንዲሁ ነው። ከወንዝ የመጣ አሸዋ ደለሉ እስኪወጣ ይታጠብ፤ ይነፋ፤ በሰፊ ቆርቆሮ ላይ ተሰጥቶ በእሳት ይድረቅ። ደለል የአሸዋውን ቀዳዳዎች ይሞላል። አምሳያው በብረት ባልዲ መካከል ይቀመጣል፤ አሸዋው በጥቂት በጥቂቱ ይጨመርና የባልዲው ጎን ይመታል፤ አሸዋው በየጎድጓዳው ገብቶ እስኪጠቀጠቅ ድረስ። እዚህ ላይ መቸኮል አያዋጣም።

የሚቀልጠው ምን ይሁን? ከቁራሌው የሚገኘው የለስላሳ መጠጥ ጣሳ ስስ በመሆኑ ብዙው ወደ ቆሻሻ ይለወጣል። ቀድሞ በማፍሰስ የተሠራ ዕቃ፣ ማለትም ፒስቶን፣ የአሉሚኒየም ቸርኬ፣ የካምቢዮ ሽፋን ይመረጣል፤ በውስጡ ያለው ሲሊከን ፍሰቱን ያሻሽላል። መጠኑን ለማወቅ አምሳያውን ከነማፍሰሻው፣ ከመለበጡ በፊት፣ መመዘን ነው። አሉሚኒየም ከዚህ ፎም 135 እጥፍ ይከብዳል፤ ስለዚህ 10 ግራም ፎም 1.35 ኪሎ አሉሚኒየም ይፈልጋል። ለሚባክነው ተጨማሪ ማቅለጥ ግድ ነው፤ ጎደለ ተብሎ በመሐል ሌላ ማቅለጥ አይቻልም። ምንጩ ካልታወቀ ቁርጥራጭ ግን የማብሰያ ድስት አይሠራም። እ.ኤ.አ. በ2014 የታተመ ጥናት በካሜሩን ከቁርጥራጭ ከተሠሩ ድስቶች እርሳስ ወደ ምግብ እንደሚገባ አሳይቷል።

ስለ አደጋው በግልጽ ልናገር። አንድ ሊትር ውኃ ወደ እንፋሎት ሲለወጥ 1,700 ሊትር ገደማ ይሆናል። ላቡን ያልጨረሰ ፒስቶን ወደ ቀለጠው አሉሚኒየም ቢገባ ከውስጡ የሚወጣው እንፋሎት አሉሚኒየሙን ፊት ላይ ይረጨዋል። ስለዚህ የሚጨመረው ሁሉ አስቀድሞ በምድጃው አፍ ላይ ይሙቅ። የሲሚንቶ ወለልም እርጥበት ይይዛል፤ የፈሰሰ አሉሚኒየም ሲነካው ሊፈነዳ ይችላል፤ ሥራው በወፍራም ደረቅ አሸዋ ላይ ይሁን። እሳት ሲነሣ ውኃ መድፋት የሁላችን ልማድ ነውና፣ በዚያን ቀን የውኃ ባልዲ በአካባቢው ባይኖር እመርጣለሁ፤ በምትኩ ደረቅ አሸዋና አካፋ ይቀመጥ። የሚለበሰው የጥጥ ወይም የሱፍ ልብስ፣ የፊት መከላከያ፣ የቆዳ ጓንትና የቆዳ ጫማ ነው። ሱሪው ጫማውን ከላይ ይሸፍን፤ ጫማው ውስጥ አይጠቅጠቅ።

ጭሱ ሌላው ጉዳይ ነው። ስታይሪንና ጥቂት ቤንዚን የተባለው መርዛማ ውህድ ይወጣሉ፤ ይህ ለመኪና ከሚቀዳው ቤንዚን ጋር አይምታታ፤ ካንሰር እንደሚያስከትል የተረጋገጠ ኬሚካል ነው። የጨርቅ ማስክ ጋዝ አያግድም። ስለዚህ ጣሪያ ሥር አይፈሰስም፤ ነፋሱ ከጀርባ ይሁን። ነፋሱ ወደ ጎረቤት መስኮት የሚነፍስ ከሆነ ሥራው ለሌላ ቀን ይተላለፋል። ግቢያችን የብቻችን፣ አየሩ ግን የጋራ ነው፤ ቤተሰቡ ልጆቹን ያስገባ ዘንድ ለጎረቤት አስቀድሞ መንገር የዝግጅቱ አካል ነው።

የመጨረሻው ዝግጅት ያለ እሳት የሚደረግ ልምምድ ነው። ማቅለጫውን በሚፈሰሰው ክብደት ልክ ደረቅ አሸዋ ሙሉት፤ በመቆንጠጫው አንሡት፤ ወደ ባልዲው ተራመዱ፤ አፍስሱ። ክንድ የሚንቀጠቀጥ፣ መንገዱ ላይ ገመድ ያለ፣ መቆንጠጫው የሚያንሸራትት ከሆነ የሚታወቀው ያን ጊዜ ነው። በ750 ዲግሪ አካባቢ ያለ አሉሚኒየም ማፍሰስ ከተጀመረ በኋላ ማቆም የለም፤ ፍሰቱ ከተቋረጠ ፎሙ የለቀቀው ቦታ ባዶ ሆኖ አሸዋው ይደረመሳል። ከማፍሰሻው ነበልባል ይነሣል፤ የሚጠበቅ ነውና አትደንግጡ፤ እጃችሁንም አትመልሱ።

ጠረጴዛው ላይ ሦስት አምሳያዎች አሉ፤ አንዱ ያልተለበጠ፣ አንዱ ትናንት የተለበጠ፣ አንዱ ከሳምንት በፊት የተለበጠ። ሚዛኑም አጠገባቸው ነው። ከጥያቄ በፊት የትኛው ለመፍሰስ እንደደረሰ መዝናችሁ ንገሩኝ።