በሰማይ መንገድ ቅድሚያ ለማን ነው?

(ለተማሪዎች ስብሰባ የተደረገ ንግግር)



ዛሬ የምናቀርበው ጉዳይ በረራ ለሚማሩ ወንድሞቻችንና እኅቶቻችን የሕይወት ነገር ነው፤ ለቀረነውም ትምህርት አለው። ይኸውም ሁለት አይሮፕላኖች በሰማይ ሲገናኙ መንገድ የሚለቀው ማን ነው የሚል ነው።

ሠፈራችን ንፋስ ስልክ ስሙን ያገኘው ያለ ሽቦ መልእክት ከሚያስተላልፈው ከሬዲዮ ነው። ከዚህ ብዙም ሳይርቅ የድሮው የልደታ አይሮፕላን ማረፊያ አለ፤ የጄት ዘመን ሲመጣ መንደርደሪያው ስላጠረ፣ በ1960ዎቹ (እ.ኤ.አ.) መጀመሪያ ሥራው ወደ ቦሌ ተዛወረ። ብዙ ሰው ሬዲዮ ካለ ግጭት የለም ይላል። ነገር ግን የመቆጣጠሪያ ማማ በሌለበት ሜዳ፣ ወይም ሬዲዮው ዝም ባለ ጊዜ፣ የሚቀሩት የአብራሪው ዓይንና ሕጉ ናቸው።

ሕጉ ለዓለም ሁሉ አንድ ዓይነት ነው። ኢትዮጵያም ለዚህ መሠረት በሆነው፣ እ.ኤ.አ. በ1944 በቺካጎ በተደረገው ጉባኤ ተካፍላለች። ዋና ዋናዎቹ እነዚህ ናቸው፤

አንደኛ፤ ፊት ለፊት የሚመጡ ሁለቱም ወደ ቀኝ ይታጠፋሉ።
ሁለተኛ፤ መንገዳቸው የሚቋረጥ ከሆነ፣ ሌላውን በቀኙ በኩል የሚያየው መንገድ ይለቃል።
ሦስተኛ፤ የሚቀደመው ቅድሚያ አለው፤ ቀዳሚው በቀኝ በኩል ዞሮ ያልፋል።
አራተኛ፤ ለማረፍ ከሚቀርቡት ዝቅ ያለው ይቀድማል፤ ሆኖም ይህን ምክንያት አድርጎ በሌላው ፊት መሽቀዳደም ክልክል ነው።
አምስተኛ፤ ሞተር ያለው ሞተር ለሌለው ይለቃል፤ አደጋ ላይ ላለ ግን ሁሉም ይለቃል።

በሳሪስ ወይም በመካኒሳ መንገድ ሁለት ሾፌሮች ቢፋጠጡ ፍሬን ይዘው ይከራከራሉ። አይሮፕላን ግን በአየር ላይ ቆሞ አይጠብቅም። እያንዳንዳቸው በሰዓት 185 ኪሎ ሜትር ፊት ለፊት ቢመጡ፣ በሰከንድ 100 ሜትር ያህል ይቀራረባሉ። ባለሙያዎች እንደሚገምቱት፣ አይቶ፣ ለይቶ፣ ወስኖ አይሮፕላኑ እስኪታጠፍ ድረስ 12.5 ሰከንድ ያስፈልጋል። ስለዚህ ቢያንስ ከ1,300 ሜትር ላይ ማየት ግዴታ ነው። በዚያ ርቀት የክንፉ ስፋት 11 ሜትር የሆነ ሴስና፣ እጃችሁን ዘርግታችሁ ከምታዩት የአውራ ጣት ስፋት ሩቡን ያህላል። በአዲስ አበባ ከፍታ ደግሞ አየሩ ስስ ስለ ሆነ፣ አይሮፕላኑ መለኪያው ከሚያሳየው ይበልጥ ይፈጥናል።

ሌላም ተንኮል አለ። ሊጋጨን የሚመጣው አይሮፕላን በመስተዋቱ ላይ አይንቀሳቀስም፤ በአንድ ቦታ ረግቶ መጠኑ ብቻ ያድጋል። ዓይን ደግሞ የሚንቀሳቀሰውን ለማየት ይቀለዋል። ስለዚህ ሰማዩን በጥቂት በጥቂቱ ከፋፍሎ፣ በየክፍሉ ቆም እያሉ መመልከት ያሻል።

ከሁሉ የሚበልጠው ይህ ነው። ቅድሚያ ያለው አቅጣጫውንና ፍጥነቱን ጠብቆ ይሄዳል፤ ዳሩ ግን ግጭትን ከማስወገድ ኃላፊነት ነፃ አይሆንም። እ.ኤ.አ. በ1988 ከባሕር ዳር የተነሣው ቦይንግ 737 ከርግቦች መንጋ ጋር ተጋጭቶ 35 ሰዎች ሞተዋል፤ ወፍ ቅድሚያ አያውቅምና። እ.ኤ.አ. ጁላይ 1 ቀን 2002 በደቡብ ጀርመን ሰማይ፣ የመሬት ተቆጣጣሪው አንዱን አይሮፕላን «ውረድ» ሲለው፣ በውስጡ ያለው መሣሪያ «ውጣ» ይለው ነበር። አብራሪዎቹ ተቆጣጣሪውን ሰሙ፤ ሌላውም በመሣሪያው ትእዛዝ ይወርድ ነበር። 71 ሰዎች ዐለቁ። ከዚያ ወዲህ በእንዲህ ያለ ጊዜ መሣሪያው እንዲታዘዙት አጥብቆ ታውጇል።

እንግዲህ ጓደኞቻችን፣ «መንገዱ የእኔ ነው» ማለት በሰማይ ላይ ማንንም አያድንም። ሕጉን እንወቀው፤ ሌላው ባያውቀው ደግሞ መንገዱን ለቀን በሕይወት እንመለስ።