ከሰል ያበቀለው ደን
(ጫግኒ ላይ ለወጣቶችና ለመምህራን ከተደረገ ንግግር)



ዛሬ የምናገረው ስለ ከሰል ነው። «ከሰል ደግሞ ምን የሚወራ ነገር አለው?» እንዳትሉኝ። አንድ ማዳበሪያ ሙሉ ከሰል ስለ አገራችን ኑሮ ከብዙ ሚኒስትሮች ንግግር የበለጠ ይናገራል።

ከሰል አክሳይ የደን ጠላት ነው ተብለን ነው ያደግነው። በብዙ ቦታ እውነት ነው። ከዚህ ወደ እንጅባራ ወጥታችሁ አዲስ ቅዳም ስትደርሱ ግን ነገሩ ይገለበጣል። በፋግታ ለኮማ ደኑ የተስፋፋው ከሰል ስለሚከሰልበት ነው!

እንዴት ቢባል፣ የደጋው መሬት በዝናብ ብዛት አሲዳማ ሆኖ ገበሬውን አስመርሮት ነበር። ማዳበሪያ በዱቤ ቢጨምርበት የሚያተርፈው ዕዳ ነው። በዚህ መሐል ዲከረንስ የሚባል ከአውስትራሊያ የመጣ የግራር ዘር ተገኘ። ገበሬው በመጀመሪያው ዓመት ችግኙን ከጤፍ ጋር ይተክላል፤ ጤፉን ያጭዳል። በሁለተኛው ዓመት ከዛፉ ሥር ሣር ያገኛል። በአራተኛው ወይም በአምስተኛው ዓመት ዛፉን ቆርጦ ይከምራል፤ በሣርና በአፈር አልብሶ፣ እሳቱን አፍኖ ለቀናት ያከስለዋል። አይሱዙው ወደ ባሕር ዳርና ወደ አዲስ አበባ ይጭናል። ዛፉ ናይትሮጅን ለአፈሩ ስለሚሰጥ ገበሬው እዚያው ላይ እንደገና ጤፍ ይዘራል፣ እንደገና ይተክላል። ሥራ ፍለጋ ቆላ ይወርድ የነበረው ወጣትም በቆረጣ፣ በማክሰልና በመጫን በቀዬው ገንዘብ አገኘ።

እንግዲህ የአዲስ አበባዋ እመቤት ቡና ያፈላችበት ፍም ፋግታ ላይ ኮረብታ አለበሰ ማለት ነው።

ለመሆኑ ይህን ማን አዘዘ? ማንም! በደርግ ዘመን በዘመቻ የተተከለው የማኅበር ደን በ1983 ዓ.ም መንግሥት ሲወድቅ በየቦታው በመጥረቢያ አለቀ። ሐምሌ 22 ቀን 2011 ዓ.ም ደግሞ መንግሥት በአንድ ቀን ከ353 ሚሊዮን በላይ ችግኝ ተተከለ ብሎ ነጋሪት አስጎሰመ። ቁጥሩን እንተወውና፣ ችግኙን በማግስቱ ማን ጠበቀው? የፋግታን ችግኝ የሚጠብቀው ባለቤቱ ነው። ዛፉ የልጁ ደብተር፣ የቤቱ ቆርቆሮ ነዋ!

አንድ ነገር ልብ በሉ። አምስት ዓመት የሚያስጠብቅ ነገር የሚተክል ሰው «ነገም መሬቱ በእጄ ነው» ብሎ ማመን አለበት። በ1989 ዓ.ም በክልላችን «ቢሮክራትና ፊውዳል» እየተባለ የሰው መሬት ሲሸነሸን ማን ልቡ ሞልቶ ዛፍ ይተክላል? ዲከረንሱ የተስፋፋው ገበሬው የይዞታ ደብተር ከያዘ በኋላ ነው። ይህ ለእኔ አጋጣሚ ብቻ አይመስለኝም።

አሁን ግን ሁለት አደጋ አለ። አንደኛው በሽታ ነው። ከቅርብ ዓመታት ወዲህ ዋግ ዛፉን እያደረቀው ነው። ማሳውን ሁሉ ለአንድ ዛፍ የሰጠ፣ እህሉን ከገበያ የሚሸምት ገበሬ ዛፉ ሲደርቅ ምን ይብላ?

ሁለተኛው የሚገርም ነው። በዚህ በጫግኒ በኩል ወደ ጉባ ሲሚንቶና ብረት ያለፈለት ግድብ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም ተመርቋል። መብራቱ ከምር የድሃውን ማድቤት ከደረሰ የከሰል ገበያ ይቀዘቅዛል። እናቶች ከጭስ ይድናሉ፤ እሰየው! ነገር ግን ከሰል የማይሸጥ ከሆነ ገበሬው ለምን ብሎ ይተክላል? ያን ኮረብታ ያለበሰው ገበያው ነበር እኮ።

ስለዚህ ባለሥልጣኖቻችን ችግኝ ከመቁጠር ወጥተው ሁለት ሥራ ይሥሩ። የምርምር ተቋማት ለዋጉ መፍትሔ፣ ለገበሬው ከዲከረንስ ሌላ አማራጭ ዛፍ ያቅርቡ። ለዛፉም ከከሰል ሌላ ገበያ፣ ለምሳሌ የጣውላና የቺፑድ ገዢ ከአሁኑ ይፈለግለት። ገበያው ከቀዘቀዘ በኋላ ቢሯሯጡ ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ነው።

እናንተ የጫግኒ ልጆችም በቆላው ባለቤት የሌለው የዱር ዛፍ ሲከሰል ስታዩ አክሳዩን ብቻ አትርገሙ። «ይህ ዛፍ የማን ነው? ቆሞ ቢቆይ ማን ይጠቀማል?» ብላችሁ ጠይቁ። መልስ ከሌለው ዛፉ መቆረጡ አይቀርም።