ከጀጎል በር ወጥቶ ስለ መዘመር
(በደብሩ የኢዮቤልዩ በዓል ለካህናትና ለምእመናን የተነገረ ቃል)



በቤተ ክርስቲያን ውስጥ የሚቆም ማኅሌትና ታቦት አጅቦ በአደባባይ የሚዘመር ዝማሬ ሥርዐታቸው አንድ ሲሆን ድካማቸው አንድ አይደለም። በቅኔ ማኅሌት ዜማውን ጣራውና ግድግዳው ሰብስቦ ይይዘዋል፤ ሰሚውም ለመስማት ብሎ የመጣ ሰው ነው። ከደጅ በወጣ ጊዜ ግን ዜማውን ሰብስቦ የሚይዝለት የለም፤ የመጣውም ያልመጣውም፥ የወደደውም ያልወደደውም ይሰማዋል። ስለዚህ ለከተራና ለጥምቀት መዘምራንን የሚያሰናዱ የስብከተ ወንጌልና የሰንበት ትምህርት ቤት ወጣቶች ይህን ልዩነት አስቀድመው ሊያስቡት ይገባል፤ በሐረር ያሉትም ከሌላው አገር ይልቅ አብልጠው።

የጀጎልን ቅጥር ያሠሩት አሚር ኑር ኢብን ሙጃሂድ ናቸው። ዐፄ ገላውዴዎስም በ1551 ዓ.ም. የወደቁት ከእኒሁ አሚር ጦር ጋር ሲዋጉ ነው። በንጉሡ ዘመን ደግሞ አዛዥ ጌራና አዛዥ ራጉኤል የተባሉ ሊቃውንት የቅዱስ ያሬድን ዜማ ተማሪ እንዳይስተው በፊደል ራስ ላይ የሚጻፈውን ምልክት እንዳወጡለት የቤተ ክርስቲያን ሊቃውንት ይናገራሉ። በዚያ ጦርነት መጻሕፍት ተቃጥለው መምህራን አልቀው ነበርና። እንግዲህ ቅጥሩና የድጓው ምልክት የአንድ ዘመን ልጆች ናቸው፤ ሁለቱንም የወለዳቸው ስጋት ነው፤ አንደኛው ከተማው እንዳይጠፋ፥ ሁለተኛው ዜማው እንዳይጠፋ። ዛሬ በዚያ ምልክት የተማረ መሪ ጌታ በዚያ ቅጥር በር ሥር እየዘመረ ሲያልፍ ሁለቱ ባለ ስጋቶች እንደ ገና ተገናኙ ማለት ነው።

ሐረር በ1879 ዓ.ም. ለምኒልክ ከገባች በኋላ፥ በራስ መኰንን የግዛት ዘመን፥ የመድኃኔ ዓለም ቤተ ክርስቲያን በጀጎል ውስጥ በፈረስ መጋላ ተሠራ። ስፍራው ቀድሞ፥ ግብጾች ከ1868 እስከ 1877 ዓ.ም. ከተማይቱን ይዘው በነበረ ጊዜ፥ ያሠሩት መስጊድ የነበረበት ነው። በኢዮቤልዩ ቀን ይህን ማንሣት ደስታ የሚያጐድል የሚመስለው ሰው አይጠፋም። ነገር ግን ጎረቤት ሁሉ የሚያውቀውን ነገር ባለ ቤቱ እንደማያውቅ ሆኖ ቢያልፈው፥ ዝምታው ራሱ እንደ ትዕቢት ይቈጠርበታል። ጀጎል ስፋቱ 48 ሄክታር ያህል ነው፤ በዚህ ውስጥ 82 መስጊዶች አሉ። በፈረስ መጋላ የተመታ ከበሮ የማይደርስበት ቤት ጥቂት ነው።

ጎረቤቱም ቢሆን ለዝማሬ እንግዳ አይደለም። የሐረር ሰዎች ከረመዳን በኋላ ስድስት ቀን ጾመው የሸዋልን በዓል ሲያከብሩ፥ ከበሮ እየመቱ፥ ከእንጨት የተሠራ ማጨብጨቢያ እያጋጩ ሌሊቱን በዚክር ያሳልፉታል። ጥምቀት በ2012 ዓ.ም.፥ የሸዋል በዓልም በ2016 ዓ.ም. በተባበሩት መንግሥታት የትምህርት፥ የሳይንስና የባህል ድርጅት መዝገብ ገብተዋል። አንድ ከተማ ሁለቱንም በየወቅቱ ይሰማል። እንግዲህ ከበሮ ለምን ተመታ ብሎ የሚጠይቅ በሐረር የለም፤ የሚጠየቀው መቼና እንዴት ተመታ ተብሎ ነው።

ስለዚህ አሰናጆቹ ከሁሉ አስቀድሞ መንገዱንና ሰዓቱን ይወቁ። የከተራ ዕለት ታቦት የሚወርደው ከቀትር በኋላ ነው፤ ያ ጊዜ የዐሥርና የመግሪብ ስግደት የሚደርስበት ነው። በመስጊድ ደጅ ሲታለፍ ሰዎች በስግደት ላይ ቢሆኑ ታቦቱ ይቁም ማለት አይደለም፤ ከበሮውና ጸናጽሉ ዝም ብለው ዜማው በቃል ብቻ ይሂድ። ይህን የሰማ ወጣት እንደ ውርደት ሊቈጥረው ይችል ይሆናል። ነገር ግን በዐቢይ ጾም ስድሳ ቀን ሊጠጋ ቤተ ክርስቲያን ራሷ ከበሮና ጸናጽል አስቀምጣ በመቋሚያ ብቻ ስትዘምም ዜማው ጐደለ ያለ ሊቅ አልተሰማም። ጾመ ድጓ በዝምታ መካከል የተወለደ ዜማ ነው።

ቀጥሎ የሰልፉ ርዝመት ነው። ከአምስቱ የጥንት በሮች፥ ከፈላና፥ ከኤረር፥ ከሰንጋ፥ ከቡዳና ከሸዋ በር፥ በማናቸውም ቢወጣ ሕዝቡ እየጠበበ እንደ ክር ይረዝማል። ድምፅ በአንድ ሰከንድ የሚሄደው 340 ሜትር ያህል ነውና ሰልፉ 170 ሜትር ቢረዝም በኋላ ያለው መዘምር የፊተኛውን ከበሮ የሚሰማው ግማሽ ሰከንድ ዘግይቶ ነው። ሁለተኛ ከበሮ በኋላ ቢመታ በጆሮው እየተከተለ ይሳሳታል፤ በመካከል ያለውም ሕዝብ ሁለት ምት እየሰማ ጭብጨባው ይበተናል። ብዙ ጊዜ ወጣቶች አላጠኑም ተብለው የሚወቀሱት በዚህ ምክንያት ነው፤ ጥፋቱ ግን የአየሩ ነው። መድኃኒቱም ከእጅ የራቀ አይደለም፤ የኋላው ከበሮ መቺ በጆሮው ሳይሆን በዓይኑ ይከተል። ከሕዝቡ ራስ በላይ ከፍ ብሎ የሚወዛወዘው መቋሚያ ለዚህ ይጠቅማል፤ በየመካከሉም መቋሚያ የያዘ አንድ አንድ ሰው ይቁም።

አንዳንዶች ይህን ሁሉ ድካም በመኪና ላይ በተጫነ የድምፅ ማጉያ ሊያስቀሩት ይሻሉ። ማጉያ የሰባኪን ቃል ለብዙ ሕዝብ ሊያሰማ ይችላል፤ ለዚህ ይጠቅማል። ነገር ግን የተቀዳ መዝሙር በታቦት ፊት ሲነፋ ካህናቱ አፋቸውን ሲያንቀሳቅሱ እንጂ ሲዘምሩ አይሰሙም። በቤተልሔም ድጓ፥ በዙር አባ ዝማሬና መዋሥዕት፥ በጎንደር አቋቋም ሊማር ዕድሜውን የጨረሰ ሊቅ ከመኪና ጢስ በስተኋላ ዝም ብሎ ሲሄድ ማየት ያሳዝናል። ሕፃናትም ያን ቀን ከእርሱ የሚቀበሉት ነገር የለም። በጠባቡ የጀጎል መንገድ ደግሞ ግንቡ የማጉያውን ድምፅ መልሶ ስለሚወረውረው ቃሉ ራሱ አይለይም።

ስለ ውኃውም አንድ ነገር አለ። ከተራ ማለት ውኃ መከተር ነው። ለሐረር ውኃ ያጠጣ የነበረው የሐሮማያ ሐይቅ በ1990ዎቹ ደርቆ ሕዝቡ ብዙ ተቸግሯል። ስለዚህ በዚህ አገር ውኃውን ማሰናዳት ከዜማ ጥናት እኩል የሚቈጠር ሥራ ነው፤ የሚሠሩትም ወጣቶች ከመዘምራን ጋር በአንድነት ሊመሰገኑ ይገባል።

የቀረው የሌሊቱ ነገር ነው። ሐረር ከባሕር ወለል በላይ 1,885 ሜትር ከፍ ያለች ስለ ሆነች የጥር ሌሊት ይበርዳል፤ ቆዳም ጠል ሲነካው ረግቦ ድምፁ ይደፈናል። በታቦቱ ድንኳን ደጅ ሲያገለግል ያመሸ ከበሮ ተራው ሲያልፍ በጋቢ ተጠቅልሎ ይቀመጥ፤ ከመልሱ ሰዓት አስቀድሞም ፀሐይ ላይ ወጥቶ ይሙቅ፤ ሰፊውም ጠባቡም ፊት በእጅ ተመትቶ ይፈተን።