ሊቃውንታችንን ማን ያክብርልን?

(በዳላስ–ፎርት ወርዝ አውሮፕላን ማረፊያ አጠገብ በተደረገ የተማሪዎች ስብሰባ ላይ የተነገረ)



ከየግዛቱ በአውሮፕላን መጥታችሁ፣ ሻንጣችሁን እንኳ በወጉ ሳታሳርፉ፣ እዚህ ዲኤፍደብሊው አጠገብ በተከራየነው አዳራሽ ስለ ተሰበሰባችሁ አመሰግናችኋለሁ። ይህ ማረፊያ ሥራውን የጀመረው በ1974 ነው፤ ያገራችን አብዮት በፈነዳበት ዓመት ማለት ነው። ከዚያ ወዲህ ስንቱ ኢትዮጵያዊ በርበሬውንና ዲፕሎማውን ባንድ ሻንጣ ይዞ በዚህ በር እንደ ገባ የሚቈጥረው የለም። በንግግሬ ውስጥ የምጠራቸው ዓመቶች ሁሉ በፈረንጆች አቈጣጠር መሆናቸውን አስቀድሜ ላስታውቅ።

የተሰጠኝ ርእስ በኬሚስትሪና ከእርሱ ጋር በተያያዙ ትምህርቶች የደከሙትን ሊቃውንት ስለ ማክበር ነው። ርእሱን ስቀበል ቀላል መስሎኝ ነበር። ስም መዘርዘር፣ ማጨብጨብ፣ ከዚያም ወደ ምሳ መሄድ። ኋላ ግን አንድ ያሳፈረኝ ነገር ትዝ አለኝ።

እኔ ኬሚስትሪ ተማሪ ነኝ። በመጀመሪያው ዓመት በቤተ ሙከራ አጠገቤ የሚሠራ አንድ የሕንድ ልጅ ስለ አገሩ ኬሚስት ስለ ፕራፉላ ቻንድራ ራይ አንድ ከሰዓት በኋላ ሙሉ ሲያጫውተኝ ዋለ። እንዴት እንዳስተማረ፣ እንዴት በቤንጋል የመድኃኒት ፋብሪካ እንዳቋቋመ ነገረኝ። በመጨረሻም «ያንተ አገርስ?» አለኝ። እኔም ጥቂት ዝም ብዬ ስለ አበበ ቢቂላ ነገርሁት። አበበ የማንም ኩራት ነው፤ ነገር ግን የተጠየቅሁት ስለ ሯጭ አልነበረም። የስምንት ዓመት የኬሚስትሪ ትምህርት ተምሬ ያንድ ኢትዮጵያዊ የሳይንስ ሰው ስም መጥራት አልቻልሁም። ጥፋቱ የማን እንደሆነ ለጊዜው እንተወው።

ዛሬ ያ ልጅ ቢጠይቀኝ ከእንዶድ እጀምርለታለሁ። እንዶድን የማያውቅ እዚህ ካለ ማታ ለእናቱ ስልክ ይደውልና ይጠይቅ። ነጠላና ጋቢ ነጭ ሆኖ ይወጣ የነበረው ሳሙና ከፈረንጅ አገር ከመምጣቱ አስቀድሞ በዚህ ፍሬ ነበር።

በ1964 ከጆንስ ሆፕኪንስ ዩኒቨርስቲ ትምህርታቸውን ጨርሰው የተመለሱት፣ ገና ሠላሳ ዓመት ያልሞላቸው ዶክተር አክሊሉ ለማ ስለ ቢልሃርዚያ በሽታ ሊመረምሩ ዐድዋ ወረዱ። ቢልሃርዚያ በወንዝ ውስጥ በሚኖር ቀንድ አውጣ እየተራባ፣ ውኃ የነካውን ሰው ቆዳ ሰንጥቆ የሚገባ ትል የሚያመጣው በሽታ ነው። ዶክተር አክሊሉ በወንዙ ዳር ሲሄዱ ሴቶች ልብስ በእንዶድ ከሚያጥቡበት ቦታ በታች ቀንድ አውጣው ሞቶ ተንሳፍፎ አዩ፤ ከዚያ በላይ ግን ሕያው ነበር። ሌላው ሰው አይቶ ባለፈው ነበር። እርሳቸው ግን ሕያው ቀንድ አውጣ ለቅመው፣ ከሴቶቹ አንዷን ከአረፋው እንድትጨምርበት ለመኗት። ብዙም ሳይቆይ ሞተ።

እስቲ እዚህ ላይ ኬሚስትሪ የማይማሩት ትንሽ ይታገሡኝ፤ የነገሩ ጣዕም ያለው እዚህ ነውና። በእንዶድ ፍሬ ውስጥ ሳፖኒን የሚባል ነገር አለ። ስሙም ከሳሙና ጋር ዘመድ ነው። ቅንጣቱ አንዱ ወገኑ ቅባትን ይወዳል፤ ሌላው ወገኑ ስኳር ስለ ተሸከመ ውኃን ይወዳል፤ ስለዚህም እድፍን ከልብስ ያላቅቃል። ፍሬው ሳይወቀጥ ባለበት ጊዜ ግን አብዛኛው ሳፖኒን በሁለቱም ወገን ስኳር ተሸክሞ ስለሚገኝ በቀንድ አውጣው ላይ ኃይል የለውም። ተወቅጦ ውኃ ሲነካው በራሱ በፍሬው ውስጥ ያለ ኤንዛይም ያንዱን ወገን ስኳር ቈርጦ ይጥልለታል፤ ያን ጊዜ ገዳይ ይሆናል። ፍሬውን በውኃ ፈንታ በአልኮል የዘፈዘፈ ኬሚስት ኤንዛይሙ ስለማይሠራለት ደካማውን ሳፖኒን ያወጣል። ባገራችን ያሉት እናቶች ግን ፍሬውን አድርቀው፣ ወቅጠው፣ በውኃ ሲበጠብጡት የኖሩት ስሙን ሳያውቁ ትክክለኛውን መንገድ ይዘው ነው።

በካሊፎርኒያ በስታንፎርድ የምርምር ተቋም ይህ ገዳይ ክፍል ተነጥሎ በታወቀ ጊዜ ለዶክተር አክሊሉ አባት ስም መታሰቢያ የሚሆን ስም ተሰጠው፤ ለማቶክሲን ተባለ። በየኬሚስትሪ መዝገቡ ያንድ ኢትዮጵያዊ ስም ገባ ማለት ነው። ከእኛ መካከል ስንቶቻችን ይህን እናውቅ ነበር?

ዶክተር አክሊሉ በ1966 በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርስቲ የፓቶባዮሎጂ ተቋምን መሠረቱ፤ ዛሬ ተቋሙ በስማቸው ይጠራል። የሥራ ባልደረባቸው ዶክተር ለገሰ ወልደ ዮሐንስ ከየቦታው 65 ዓይነት እንዶድ ሰብስበው እያበቀሉ ሲያመዛዝኑ፣ አርባ አራተኛው በኃይሉም በምርቱም ከሁሉ በለጠ። ይህ ሥራ ጭብጨባ የሌለው ሥራ ነው። ዘር መልቀም፣ ምልክት መለጠፍ፣ መትከል፣ መጠበቅ፣ መመዘን፣ እንደገና መትከል ነው። ብዙዎቻችን ዶክትሬታችንን ጨርሰን የምንሸሸው እንዲህ ያለውን ሥራ ነው።

ከ1969 እስከ 1974 በዐድዋ ወንዞች ላይ እንዶድ ተሞከረ። በአምስት ዓመት ውስጥ ከመቶው ሕዝብ 63ቱን ይዞ የነበረው ቢልሃርዚያ ወደ 33 ወረደ። ከአንድ እስከ አምስት ዓመት ባሉት ሕፃናት ደግሞ ከመቶ 50 ወደ 7 ወረደ። እነዚያ ሕፃናት ዛሬ ከሃምሳ ዓመት በላይ የሆናቸው ሰዎች ናቸው።

ነገር ግን ይህ ሁሉ ተደርጎ ዓለም አቀፍ የጤና ባለ ሥልጣኖች ሥራውን በቶሎ አልተቀበሉትም። የመርዝነቱ ጥናት በምዕራባውያን ቤተ ሙከራ ደንብ ካልተደረገ አይሆንም ተባለ። ደንቡ ራሱ ክፉ አይደለም፤ ሕዝብ በሚጠጣው ወንዝ ላይ የሚጨመር ነገር መመርመር አለበት፤ እኔም ብሆን እጠይቅ ነበር። የሚያስቈጨው ጥናቱን በአገራችን ለማድረግ የሚበቃ ቤተ ሙከራም ገንዘብም ስላልነበረ ብዙ ዓመት ባክኖ መቅረቱ ነው። በመጨረሻም ምርመራው የተደረገው በካናዳ ርዳታ ነው። በዚያን ጊዜ ውስጥ ፕራዚኳንቴል የሚባለው ክኒን ወጣ፤ ዛሬም ቢልሃርዚያን የሚዋጉት በይበልጥ በዚያው ክኒን ነው። ስለዚህ እንዶድ በሽታውን ካገር አጠፋ ብለን ብንናገር ውሸት ይሆንብናል፤ ሊቅን በውሸት ማክበር ደግሞ ስድብ ነው።

በ1989 ዶክተር አክሊሉና ዶክተር ለገሰ ራይት ላይቭሊሁድ የተባለውን ሽልማት በስዊድን አገር ተቀበሉ። ቀጥሎ የሆነውን ልብ ብላችሁ ስሙኝ። በሰሜን አሜሪካ ታላላቅ ሐይቆች ዜብራ ሙስል የሚባል ትንሽ ዛጎል ለባሽ ፍጥረት በዝቶ የውኃ ቧንቧ ይደፍን ነበርና፣ በኦሃዮ በቶሊዶ ዩኒቨርስቲ እንዶድ ይህን ፍጥረት እንደሚገድል ተገኘ። በ1993 የፈጠራ መብት ተሰጠበት፤ ዶክተር አክሊሉም ከባለ ፈጠራዎቹ አንዱ ሆነው ተመዘገቡ። የዐድዋ አጣቢዎች ግን የሉበትም። ይህን የምለው ዶክተር አክሊሉን ለመክሰስ አይደለም፤ እርሳቸው የእውቀቱ ምንጭ የወንዙ ዳር ሴቶች መሆናቸውን ለዓለም የተናገሩ ሰው ናቸው። ነገሩን ያነሣሁት ምዝገባው ከማን ስም እንደሚጀምር እናንተም እንድታስቡበት ነው። ዶክተር አክሊሉ በ1997 ዐረፉ።

ሌሎቹን በአጭሩ ላንሣ። ፕሮፌሰር ሶስና ኃይሌ በአዲስ አበባ ተወለዱ፤ የሊቁ የፕሮፌሰር ጌታቸው ኃይሌ ልጅ ናቸው። በአብዮቱ ዘመን አባታቸው በጥይት ከቈሰሉ በኋላ ቤተ ሰቡ ወደ ሚኒሶታ ተሰደደ። ልጅቱ አድገው፣ በኤምአይቲ ተምረው፣ በ2001 ጠጣር አሲድ በመሐሉ ያለው ነዳጅ ሴል ሊሠራ እንደሚችል አስረዱ፤ ዛሬ በኖርዝዌስተርን ዩኒቨርስቲ ያስተምራሉ። አባት የብራና መጻሕፍትን፣ ልጅ የጨውን ቅንጣት ሲመረምሩ! አገር ቤት ደግሞ ፕሮፌሰር ኤርምያስ ዳኜ ያገራችንን ዕፀዋት ኬሚስትሪ ሲመረምሩ ኖረዋል። ፕሮፌሰር ብርሃኑ አበጋዝም በአዲስ አበባና በቦትስዋና ካስተማሩ በኋላ የአፍሪካ ሳይንስ አካዳሚን በሥራ አስፈጻሚነት መርተዋል። የኢትዮጵያ ኬሚካል ማኅበር መጽሔት ከ1987 ጀምሮ ይታተማል። በዚህ አዳራሽ አንድ ቅጽ ያነበበ እጁን ያንሣ ብዬ ላሳፍራችሁ አልፈልግም፤ እኔም ያነበብሁት ለዚህ ንግግር ስል ነው።

አሁን ያለንበት የቴክሳስ ግዛት ሰዎች ይህን ነገር ያውቁበታል። ሮበርት ዌልች የተባለ ነዳጅ ያበለጸገው ሰው ሲሞት ከሀብቱ አብዛኛውን ለኬሚስትሪ ምርምር ተወ፤ በስሙም በ1954 ድርጅት ተቋቋመ፤ ከ1972 ጀምሮም ታላላቅ ኬሚስቶች ይሸለሙበታል። እኛ የነዳጅ ጉድጓድ የለንም። ነገር ግን ብዕርና ይህ መጽሔት አለን።

ስለዚህ ለስብሰባው የማቀርበው ሐሳብ ሽልማት አይደለም። ኬሚስትሪም ሆነ የቅርብ ዘመዶቹን የሚማር እያንዳንዳችን ያንድ ኢትዮጵያዊ ተመራማሪ አንድ ጽሑፍ መርጦ ያንብብ፤ ያነበበውንም እናቱ በምትረዳው አማርኛ በአንድ ገጽ ጽፎ ለመጽሔቱ ይስጥ። ስሕተት ያየበትንም ስሕተት ነው ይበል። በዕረፍት አገር ቤት የሚሄዱት ደግሞ ጡረታ የወጡትን መምህራን ቤታቸው ድረስ ሄደው ይጠይቁ፤ መሣሪያ በሌለበት ዘመን ምን እንደ ሠሩ፣ ምን እንዳልተሳካላቸው በድምፅ ይቅረጹልን። ያልተሳካውን የሚጽፍልን ሌላ የለም።

ሐሳቡ ከምሳ በኋላ በድምፅ ይወሰናል። ቢጸድቅም ባይጸድቅም የስም መመዝገቢያው ወረቀት በጸሐፊው ጠረጴዛ ላይ ነው። በመጀመሪያው መስመር ላይ ስሜን ጽፌያለሁ፤ የወሰድሁትም የእንዶዱን ኤንዛይም ነው። ሁለተኛው መስመር ባዶ ነው።