ሲመሽ የቆመው ልጅ



ኮሚቴው «እባክሽ ከሕክምና ውጭ የሆነ ነገር አውሪን» ሲለኝ ደስ ብሎኝ ነው የተቀበልኩት። ስለዚህ በትርፍ ጊዜዬ ስለምሠራው የምሽት ፎቶግራፍ አወራለሁ። ሕክምናው ተከትሎኝ ከገባ ግን ጥፋቱ የኔ አይደለም።

የፎቶግራፍ መጻሕፍት የምሽት ብርሃንን ሲያስተምሩ የሚወዱት ምሳሌ በባሕር ጠረፍ የቆመ፣ ለመርከቦች አቅጣጫ የሚያሳይ የመብራት ማማ ነው። እኛ ባሕር የለንም። አሶሳ ላይ ግን የመስጊድ ሚናራ አለ። ቃሉ ራሱ ዘመድ ነው፤ በዐረብኛ «መናራ» የብርሃን ቦታ ማለት ሲሆን የመስጊዱንም ማማ፣ የመርከቦቹንም መብራት ይጠሩበታል። ከጥንቶቹ ዝነኛው የእስክንድርያው ነበር፤ ቁመቱ ከ100 ሜትር በላይ እንደነበር ይነገርለታል። እሱም የቆመው ይኸው በቤኒሻንጉል ጉሙዝ በኩል ከአገራችን የሚወጣው ዓባይ ባሕር በሚገባበት ጠረፍ ላይ ነው።

አሶሳ ወደ ምዕራብ ስለራቀች ፀሐይ የምትገባባት ከአዲስ አበባ ሩብ ሰዓት ያህል ዘግይታ ነው። ከገባች ግን ጊዜ አትሰጥም። ሰማዩ ጥልቅ ሰማያዊ ሆኖ የሚቆየው 20 ደቂቃ ገደማ ብቻ ነው። በዚያች ሰዓት የሰማዩ ብርሃንና የሚናራው አምፖል ይመጣጠናሉ። ከዚያ በፊት አምፖሉ መብራቱም አይታወቅ፤ ከዚያ በኋላ ደግሞ በጥቁር ሰማይ ላይ ነጭ እድፍ ይሆናል። ካሜራውን ለራሱ ከተዋችሁት ጨለማውን አበራለሁ ብሎ መብራቱን ያቃጥለዋል። ስለዚህ ልኬቱን የምወስደው ከአምፖሉ አጠገብ ካለው ግድግዳ ነው፤ ጥላው ጥላ ሆኖ ይቅር። ካሜራው ባለ ሦስት እግሩ ማቆሚያ ላይ ይሆናል፣ አይኤስኦ 100፣ የሌንሱ ቀዳዳ ኤፍ 8፣ ሹተሩ ለ10 ሰከንድ ክፍት። ጣት ሲነካው ስለሚነቃነቅ በ2 ሰከንድ ቆጣሪ ነው የማስነሳው።

በ10 ሰከንድ ውስጥ የሚንቀሳቀስ ሰው ከፎቶው ይጠፋል። ቢበዛ እንደ ጭስ ያለ ነገር ይቀራል። የቆመ ግን ይቀረጻል።

ረመዳን ነበር። የመስጊዱን ኃላፊዎች አስፈቅጄ ፊት ለፊት ካለው ሜዳ ላይ ቆምኩ። አሥር የሚሆኑ ልጆች ይሯሯጣሉ። ማታ ቤቴ ገብቼ ፎቶዎቹን ስከፍታቸው ሚናራው እንደፈለግኩት ወጥቷል፤ ልጆቹ ጭስ ሆነዋል። አንድ ልጅ ብቻ፣ አምስት ዓመት ቢሆነው ነው፣ ግንቡን በእጁ ይዞ ጥርት ብሎ ቆሟል። በሚቀጥለውም ፎቶ እዚያው ነው። በሚቀጥለውም። ፀሐይ ሳትገባ ባነሳኋቸው ላይ ደግሞ ከሁሉም ፊት እየሮጠ ነው።

የአምስት ዓመት ልጅ፣ ጓደኞቹ እየተጫወቱ፣ ምን አቆመው?

በማግስቱ በዚያው ሰዓት ተመለስኩ። አያቱ እጁን ይዘው ወደ ቤት ሊወስዱት መጥተዋል። በ1977 ሰፈራ ከወሎ የመጡ ሴት ናቸው።

«እማማ፣ ሲመሽ እንዴት ነው የሚሄደው?»

«ዳፍንት ይዞት ነው የኔ ልጅ። እኛም ወሎ ሳለን እናውቀዋለን። ጉበት አብሉት ይባል ነበር። ጉበቱ ከየት ይምጣ?»

እሳቸው ምርመራውንም መድኃኒቱንም ጨርሰውታል! ለመሐንዲሶቹና ለሕግ ሰዎቹ ብቻ ልጨምር፦ በጨለማ የሚያዩልን የዓይን ሕዋሳት ሮዶፕሲን የሚባል ቀለም ያስፈልጋቸዋል፤ እሱ የሚሠራው ከቫይታሚን ኤ ነው። ጤነኛ ዓይን እንኳ ጨለማን በደንብ ለመልመድ ከ20 እስከ 30 ደቂቃ ይፈጅበታል። ቫይታሚኑ የሌለው ልጅ ግን ጨርሶ አይለምድም። ችላ ከተባለ የዓይኑ ብሌን ይደርቅና ይቆስላል፤ ያን ጊዜ ቀንም ሌሊትም አንድ ይሆንበታል። ኩፍኝና ተቅማጥም እንዲህ ያለውን ልጅ ይበረቱበታል።

ጠዋት ስናየው በዓይኑ ነጭ ክፍል ላይ አረፋ የመሰለ ነጠብጣብ ነበረበት። በራውንድ ላይ የቢቶት ነጠብጣብ ምንድን ነው ተብላችሁ የተፋጠጣችሁ ታስታውሱታላችሁ። 200,000 ዩኒት በዕለቱ፣ ያንኑ በማግስቱ፣ ያንኑ ከሁለት ሳምንት በኋላ። ታናሽ እህቱንም አየናት። በየስድስት ወሩ የሚታደለው እንክብል እስከ 59 ወር ላሉ ሕፃናት ነው፤ ልጁ ከዚያ ዕድሜ ወጥቷል፤ የሚፈልገው ሰው አልነበረም።

በሦስተኛው እንክብል ቀን ካሜራዬን ይዤ እዚያው ሜዳ ቆምኩ። ያው 10 ሰከንድ። ፎቶው ላይ ግንቡ ባዶ ነው፤ ልጁ ከጭሱ ጋር ሄዷል።

መምህራኖቻችንን አንድ ነገር ልለምን። የሕፃናት ሕክምና ተማሪዎች የበሽተኛ ታሪክ ሲወስዱ «ሲመሽ እንዴት ይሄዳል?» የሚለውን ጥያቄ አስለምዷቸው። እናት ካልተጠየቀች ይህን እንደ ሕመም ቆጥራ አትነግራችሁም።

አሶሳ የማንጎ አገር ሆና እንዴት ትሉ ይሆናል። እውነት ነው፣ የበሰለ ማንጎ ብርቱካናማ ቀለሙ ወደ ቫይታሚን ኤ ይለወጣል። ግን ወቅት አለው፤ ያን ጊዜ ገና ጥሬ ነበር፤ የደረሰውም ገበያ ይወጣል። ደግሞ 1 ማይክሮግራም ለማግኘት 12 ማይክሮግራም ቤታ ካሮቲን መብላት ያስፈልጋል፤ ቅባትም ይፈልጋል። ቅባቱ እንኳ እዚያው አለ፣ ሰሊጥና ለውዝ የሚበቅልበት አገር ነው። ለአያቱ ይህንኑ ነገርኳቸው።

ማንጎው ሲደርስ አንድ ከረጢት ሙሉ ተሸክመው ክሊኒኩ መጡ፤ ለኔ ነው። ግማሹን ለልጆቹ ይመልሱት ብላቸው ተቆጡኝ።