ምስክርነትና ወገንተኝነት
በሳንጃ ለዕርዳታ ሠራተኞች የተሰጠ ንግግር



የዛሬው ጉዳያችን የዕርዳታ ሠራተኛ በፖለቲካ ነገር ምን ይናገር፣ ምንስ ይተው የሚለው ነው።

ሠራተኛችን ዜጋ ነው። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 29 ሐሳቡን የመግለጽ መብት ሰጥቶታል፤ እኛም ይህን መብት በደመወዝ አንገዛውም። ይምረጥ፣ ያስብ፣ በቤቱ ይከራከር። ነገር ግን እንደ ሳንጃ ባለ ከተማ የት እንደምንሠራ የማያውቅ የለም፤ ስለዚህ በአደባባይ የተናገርነው ቃል የግላችን ብቻ ሆኖ አይቀርም።

ከሳንጃ እስከ መተማ ባለው ቆላ አማራውም፣ ቅማንቱም፣ ጉሙዙም፣ ለሰሊጥ አጨዳ የወረደው ደገኛም፣ በ2015 ዓ.ም. ከተነሣው የሱዳን ጦርነት የሸሸውም አለ። ማታ በስልኩ አንዱን ወገን የዘለፈ ሠራተኛ ጠዋት የስንዴውን መዝገብ ይዞ ቢቀመጥ፣ ከተዘለፈው ወገን የሆነች እናት ስሟን ለማስጻፍ ትፈራለች። ባዶ ከረጢት ይዛ የምትመለሰው እርሷ ናት። በየኬላው የሚያልፈው ሾፌራችንም የሌላውን ሰው ቃል ዕዳ ይከፍላል።

ታዲያ ዝም እንበልን? አይደለም። በ1978 ዓ.ም. የፈረንሳዩ ድንበር የለሽ የሐኪሞች ቡድን ረሃብተኛው በግድ ለሠፈራ መወሰዱን በይፋ በመቃወሙ ከአገር ተባረረ። በሐምሌ 2013 ዓ.ም. ደግሞ መንግሥት የዚሁኑ ቡድን የሆላንድ ክፍልና የኖርዌይ የስደተኞች ምክር ቤትን፣ ከሌሎች ክሶች ጋር የተሳሳተ ወሬ አሰራጭተዋል በማለት ለ3 ወር አገደ። መናገር ዋጋ ያስከፍላል፤ ከዋጋውም ከፊሉን የሚከፍለው ሐኪሙን ያጣው በሽተኛ ነው። ቢሆንም መጽሐፈ ምሳሌ በምዕራፍ 31 ለራሱ መናገር ስለማይችለው እንድንናገር ያዘናል።

ስለዚህ ያየነውንና የቆጠርነውን እንመስክር፤ የሰማነውን ወሬ ግን አናባዛ። የምንመሰክረውንም በአንድነት መክረን፣ በኃላፊዎቻችን በኩል እናሰማ፤ አንድ ሠራተኛ ብቻውን ለአደጋ አይጋለጥ።

በ1986 ዓ.ም. የቀይ መስቀል ንቅናቄና የዕርዳታ ድርጅቶች ያወጡት የሥነ ምግባር ደንብ ዕርዳታ የፖለቲካም ሆነ የሃይማኖት አቋም ማስፋፊያ እንዳይሆን ይላል። ይህ እኛን አማኞችንም ይመለከታል፤ ስንዴውን ስብከት ለሚሰማ ብቻ አንሰፍርም። ደጉ ሳምራዊ የወደቀውን ሰው ሲያነሣ ወገኑን አልጠየቀም።

ጌታ ለአንደበታችን ጥበብን፣ ለልባችንም ድፍረትን ይስጠን። አሜን።