ሰሊጥና ስድስተኛ ክፍል

የመተማ ዮሐንስ፣ የኮኪትና የገንዳ ውኃ ወላጆች፣ ሰሊጥ ቀን አይሰጥም፤ ደርሶ ካልታጨደ ቆባው ተከፍቶ ፍሬው መሬት ላይ ይረግፋል። ይህ ሁሉ ጥድፊያ የሚመጣው ደግሞ ትምህርት ቤት በተከፈተ ማግስት ነው። ልጅ ማጭድ ይዞ ማሳ የሚወርድበት ምክንያት ይገባኛል። ለአጨዳው ግን ከደጋ የቀን ሠራተኛ ይመጣል፤ የስድስተኛ ክፍል ተማሪን ተክቶ ክልላዊ ፈተና የሚቀመጥለት የለም። በጥቅምት ያመለጠውን ክፍልፋይ በጥር ማን ይመልስለታል?

ስለዚህ የወላጅ፣ ተማሪ፣ መምህር ኅብረት ስብሰባ ሲጠራ እባካችሁ ሂዱ። ልጁ ከትምህርት የሚቀር ከሆነ ለመምህሩ አስቀድማችሁ ንገሩ፤ ያመለጠውን ከማን ደብተር እንደሚገለብጥም እዚያው ተስማሙ። ፊደል ያልቆጠረች እናትም ማታ አጠገቡ ቁጭ ብላ፣ «ዛሬ የተማርከውን እስቲ ንገረኝ» ማለት ትችላለች።